«ቲቸር፣ ያኔ እኮ ይሠራ ነበር»

ወዳጆች፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፤ የሌለው ደሞ ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ወደ አንዲት ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ቀና ብሎ ሲያየኝ «ቲቸር!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ከዓመታት በፊት አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስልኩን በአሥር ደቂቃ ሠራልኝ። ሒሳብ ስጠይቀው «ኧረ በፍጹም!» አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ያቺ ክራር ትዝ ትልዎታለች?» አለኝ።

መጀመሪያ ትዝ አላለችኝም። ሲያስታውሰኝ ግን ፊቴ ጋለ።

ያኔ የማስተምረው ኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን ነበር። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ነው። በማግስቱ ይሄ ልጅ ከቤቱ ክራር ይዞ መጣ። ክሮቹ የሚረግጡበት እንጨት ሥር አንዲት ስስ የነሐስ ሳህን የመሰለች ነገር በማስቲሽ ለጥፏል፤ ከተበላሸ ዘፋኝ አሻንጉሊት የነቀላት ናት። ከእሷ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ወጥቶ ወደ አሮጌ ቴፕ ማይክ ቀዳዳ ይገባል። «ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ ክራር ሠራሁ» አለኝ።

እኔ ያየሁት ክሮቹን ብቻ ነው። ናይለን ናቸው። «ናይለንን ማግኔት አይስበውም። የማይስበው ክር ደሞ ኢንዳክሽን አይፈጥርም። ትናንት ያስተማርኩት አልገባህም ማለት ነው» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ «ቲቸር ግን ይሰማል…» ሲል «ተቀመጥ» አልኩት። ክራሯ ሳትሰካ ደወል ተደወለ።

አሁን ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ ምንም ቂም በሌለበት ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ያኔ እኮ ይሠራ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይሠራ ነበር። ያቺ ሳህን ማግኔት የላትም፤ የምትሠራውም በፋራዳይ ሕግ ሳይሆን በሌላ ሕግ ነው። የማውቀውን አንድ ሕግ ይዤ የማላውቀውን መሣሪያ ፈረድኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስለ ኤሌክትሪክ የክር መሣሪያዎች ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ፤ ከኔ በፊት እንደኔው የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች ሞልተዋል። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አንድ ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ አይገፋውም። ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር መትታችሁ ሽቦ ወጥራችሁ ብትመቱት የምትሰሙት ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ በዓለም ያሉ የክር መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ አንድ መላ ነው የመቱት፤ ክሩን ሰፊና ስስ ከሆነ ነገር ጋር ማገናኘት። የኛ ክራርና ማሲንቆ ቆዳ ለበሱ፤ ቫዮሊን ደሞ ስስ እንጨት። የቫዮሊን ክሮች ትንሽ የቆመች እንጨት ላይ ያርፋሉ፤ እሷ ንዝረቱን ለላይኛው ሳንቃ ታስተላልፋለች። ከውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን ሳንቃ የምታገናኝ ትንሽ ምሰሶ አለች፤ ጣሊያኖች «ነፍስ» ነው የሚሏት። እሷ ከቦታዋ ትንሽ ከተነቃነቀች ድምፁ ሌላ ይሆናል።

ይሄ መላ ለብዙ መቶ ዓመታት በቂ ነበር። ችግር የመጣው ሁለት አዳዲስ ነገሮች ሲመጡ ነው፤ የድምፅ ቀረጻና ትልልቅ የዳንስ ባንዶች።

በመጀመሪያዎቹ የቀረጻ ዓመታት ማይክ የሚባል ነገር ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም። ሙዚቀኛው በትልቅ ቀንድ መሳይ ቱቦ ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌዋን ገፍቶ ሰም ላይ ይጽፋል። ጥሩምባ ይህን ችሎ ይጽፋል፤ ቫዮሊን ግን ይከብደዋል። ለንደን ይኖር የነበረ አውግስጦስ ስትሮ የሚባል ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ በ1899 መፍትሔ ብሎ የፈጠራ መብት አወጣ። የቫዮሊኑን ሆድ ጨርሶ አስወግዶ በምትኩ ስስ ብረት ሽፋንና የግራሞፎን ዓይነት ቀንድ ገጠመበት። ፎቶውን ስታዩት ቫዮሊን ጥሩምባ ያገባ ነው የሚመስለው። ድምፁ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረወራል፤ ቀረጻ ላይ በደንብ ይሰማል። ከ1925 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ማይክ መቅዳት ሲመጣ ግን ሥራው አለቀ።

ስትሮን ማስታወስ ያለብን ለአንድ ነገር ነው። የቫዮሊን ሆድ የግድ አይደለም ብሎ በተግባር ያሳየ ሰው ነው። ኤሌክትሪክ አልተጠቀመም፤ ግን የኤሌክትሪኩን በር ገርበብ አድርጎት ሄደ።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው የቫዮሊን ሰው ሳይሆን ጊታር ተጫዋች ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

1920ዎቹ አሜሪካ። ባንዶቹ በሳክስፎን፣ በትራምፔትና በከበሮ ተሞልተዋል። ጊታር ተጫዋቹ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይገዘግዛል፤ የሚሰማው ግን የለም። ቫዮሊን ቢያንስ መደመር ይቻላል፤ ኦርኬስትራ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ቫዮሊን ጎን ለጎን ይቀመጣል። ጊታር ግን ብቻውን ነው። በዚያ ላይ በጊዜው ፋሽን የነበረው የሃዋይ ጊታር ነው፤ ጭን ላይ ተኝቶ በብረት ዘንግ እየተንሸራተተ የሚጫወቱት፣ ዜማውን ራሱ የሚመራ መሣሪያ። የሚመራ ደሞ መሰማት አለበት።

ሎስ አንጀለስ ጆርጅ ቢቻም የሚባል የቴክሳስ ልጅ ነበር፤ መድረክ ላይ እየዞረ የሚጫወት ሙዚቀኛ። መሐንዲስ አይደለም። መጀመሪያ ከሌሎች ጋር ሆኖ ናሽናል በሚባለው ድርጅት በብረት ሳህን የሚያስተጋባ ጊታር አሠራ። እሱም አልበቃውም። ከዚያ ማታ ማታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሞከር ጀመረ። ኮይሉን የጠመጠመው ከቤት ውስጥ ማሽን በፈታው ሞተር ነው፤ አንዳንዱ የልብስ ማጠቢያ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የስፌት መኪና። የትኛውም ይሁን፣ ባለቤቱ ምን እንዳለችው ታሪክ አልመዘገበም።

የደረሰበት ነገር በጣም ቀላል ነው። ሁለት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ማግኔቶች ክሮቹን ከላይና ከታች ያቅፏቸዋል። ከክሮቹ ሥር ኮይል አለ። ክሩ ብረት ነው፤ በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ መስኩን ያውከዋል፤ የሚታወከው መስክ በኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ክሩ በሴኮንድ 440 ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ኤሌክትሪኩም 440 ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ወደ አምፕሊፋየር መላክ ብቻ ነው የሚቀረው። ተማሪዎቼ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳልኩላችሁ ያ የፋራዳይ ሥዕል ማለት ነው፤ በማግኔቱ ቦታ ክር አስገቡበት።

ልብ በሉ፤ ይሄ ማይክ አይደለም። ማይክ አየር ነው የሚሰማው። ፒካፕ የሚባለው ይሄ ነገር የሚሰማው የብረቱን እንቅስቃሴ በቀጥታ ነው። ከሆነ ደሞ ሆዱ ለምን ያስፈልጋል? በ1931 ሃሪ ዋትሰን የሚባል የእጅ ባለሙያ አንድ ሙሉ እንጨት ጠርቦ ረጅም እጀታና ትንሽ ክብ ያለው መሣሪያ ሠራለት። መጥበሻ ስለሚመስል እስከ ዛሬ ስሙ «መጥበሻው» ነው። ከ1932 ጀምሮ ከአሉሚኒየም እየተቀለጠ ለገበያ ቀረበ። ያመረተው የቢቻም ሸሪክ አዶልፍ ሪከንባከር ነው፤ ስዊዘርላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ የብረት ሥራ ወርክሾፕ የነበረው ሰው። ጊዜው የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት ነበር፤ ሰው ዳቦ እየፈለገ ማን የአሉሚኒየም መጥበሻ ይገዛል?

አሁን ወደ እኔ ታሪክ የሚጠጋው ክፍል መጣ። ቢቻም የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1934 አስገባ። የመንግሥት መርማሪው ግን ተጠራጠረ። ይሄ ነገር በእውነት ይሠራል ወይ? በድርጅቱ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ሪከንባከር ሶል ሁፒይ የተባለውን ዝነኛ የሃዋይ ጊታር ተጫዋችና ሌሎችንም ወደ ዋሽንግተን ላከ፤ እነሱም መርማሪዎቹ ፊት ተጫወቱ። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው በነሐሴ 1937 ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ድርጅቶች የየራሳቸውን ኤሌክትሪክ ጊታር እየሸጡ ነበር። ለምሳሌ ጊብሰን በ1936 ኢኤስ-150 የሚባለውን አወጣ፤ ቻርሊ ክርስቲያን የተባለ ወጣት በ1939 የቤኒ ጉድማንን ባንድ ተቀላቅሎ በዚያ ጊታር ዜማ መምራት እንደሚቻል ለዓለም አሳየ። በ1942 በ25 ዓመቱ ሞተ። ቢቻምም በ1940 ከድርጅቱ ለቀቀ፣ በ1941 ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብሎ አረፈ። የሠራው ነገር ምን እንደሚሆን አላየም።

እኔን የነካኝ ግን መርማሪው ነው። መርማሪው ተጠራጠረ፤ መጠራጠር ሥራው ነው። ግን በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ሰማ። እኔ ደሞ ክራሯ ክፍሌ ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበረች። ማንንም ወደ ዋሽንግተን መላክ አያስፈልግም ነበር። መሰካት ብቻ።

አሁን ወደ ቫዮሊኑ እንመለስ። የሪከንባከር ድርጅት በ1930ዎቹ ኤሌክትሪክ ቫዮሊንም ሠርቷል፤ አንዱ ከባክላይት፣ ማለትም የድሮ ስልክ ከሚሠራበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ባሱንም ሞክረውታል። የጃዙ ቫዮሊን ተጫዋች ስታፍ ስሚዝም በዚያው ዘመን ቫዮሊኑን በአምፕሊፋየር ይጫወት ነበር። ማለትም ጊታርና ቫዮሊን ከአንድ መስመር ነው የተነሡት። ታዲያ ለምን ጊታር ዓለምን ገዛ፣ ኤሌክትሪክ ቫዮሊን ግን እስከ ዛሬ ብርቅ ሆነ? ይሄን ጥያቄ ብዙ ቀን አሰብኩበት። መልሱ ከአንድ በላይ ነው።

አንደኛ፣ ክሩ። በጊዜው የቫዮሊን ክር በአብዛኛው ከበግ አንጀት የሚሠራ ነበር፤ ማግኔት አንጀትን አያውቀውም። የሪከንባከርን ፒካፕ ለመጠቀም የብረት ክር ማድረግ ግድ ነው፤ የብረት ክር ደሞ በእጅ ስሜትም በድምፅም ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ክብደቱ። ጊታር በቀበቶ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሦስት አራት ኪሎ ቢመዝንም ይቻላል። ቫዮሊን ግን በአገጭና በትከሻ መሃል ነው የሚያዘው፤ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሙሉ እንጨት ጠርባችሁ ብትሰጡት ተጫዋቹ በግማሽ ሰዓት አንገቱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ዛሬ የምናያቸው ኤሌክትሪክ ቫዮሊኖች አፅም መስለው፣ ጠርዝ ብቻ ሆነው የሚሠሩት ለማማር ብቻ አይደለም።

ሦስተኛውና ለኔ ዋናው፣ ኤሌክትሪክ ለጊታር የሰጠው ስጦታ ለቫዮሊን ስጦታ አልነበረም። የጊታርን ክር አንድ ጊዜ ትመታዋለህ፣ ከዚያ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል። ሆድ ያለው ጊታር ደሞ ቶሎ ይሞታል፤ ሆዱ የክሩን ጉልበት ተበድሮ አየር ላይ ይበትነዋልና። ሆዱን አውጥተህ በድፍን እንጨት ስትተካው ክሩ ጉልበቱን ለማንም አያበድርም፤ ረጅም ይዘምራል። ስለዚህ ጊታር በኤሌክትሪክ ሁለት ነገር አገኘ፤ ጉልበትና ዕድሜ። ቫዮሊን ግን ደጋን አለው። ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ክሩ አዲስ ጉልበት ያገኛል፣ ድምፁ አይሞትም። ዕድሜውን ድሮም ነበረው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ያገኘው ጉልበት ብቻ ነው፤ በለውጡ ደሞ ያንን የእንጨት ሆድ፣ ያችን «ነፍስ» የሚሏትን አጣ።

ጊታሩ ግን ገሰገሰ። ሆድ ያለው ጊታር ሲጎላ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ሆዱን ያንቀጠቅጠዋል፣ እሱ ክሩን፣ ክሩ ፒካፑን፣ ፒካፑ ስፒከሩን፤ ዙሪያው ገጥሞ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይሆናል። ሠርግ ቤት ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የምትሰሙት «ዊይይ» እሱ ነው። ሌስ ፖል የተባለ ጊታር ተጫዋች በ1940 አካባቢ አንድ ወፍራም አጣና መሳይ እንጨት ላይ ክርና ፒካፕ ገጥሞ ጩኸቱን ገደለው። ነገር ግን ሰው ፊት ሲጫወትበት ማንም ደስ አላለውም። ከዚያ አንድ ጊታር ለሁለት ሰንጥቆ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ለጠፈበት፤ ክንፎቹ ለድምፁ ምንም አይጨምሩም። አሁን ሰው ወደደው። ሰው በዓይኑ ነው የሚሰማው ማለት ነው። ጊብሰኖች ሐሳቡን መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1952 ግን በስሙ ጊታር አወጡ።

ካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ደሞ ሊዮ ፌንደር ነበር። ይሄን ሰው ለየት ባለ መንገድ ወደድኩት። ሒሳብ አያያዝ ነው የተማረው። ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። አንድ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው። ጊታር መጫወት አይችልም፤ እስኪሞት ድረስም አልተማረም። ግን ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕሊፋየር ይዘው ሲመጡ ያዳምጣቸው ነበር። ምን እንደሚሰበር፣ ምን እንደሚያስቸግር ከነሱ ተማረ። በ1950 እና 51 ቴሌካስተር የተባለውን ጊታር አወጣ፤ አንገቱ በማጣበቂያ ሳይሆን በአራት ብሎን የታሰረ ነው። አንገቱ ቢበላሽ ፈትተህ ትቀይራለህ። የጠጋኝ አስተሳሰብ ነው! በ1951 የኤሌክትሪክ ባስ፣ በ1954 ስትራቶካስተርን ጨመረ። በ1958 ድርጅቱ ኤሌክትሪክ ቫዮሊንም አውጥቶ ነበር፤ ግን እንደ ጊታሮቹ አልሄደለትም፣ ብዙም ሳይቆይ ተወው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈተና ላይ ይመጣል ብላችሁ እንዳትጨነቁ። ኮይል ክሩን ብቻ አይሰማም፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን መብራትም ይሰማል። የኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአሜሪካው 60። ያ ነው «እምምም» የሚለው። በ1955 የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር ሁለት ኮይል ጎን ለጎን አደረገ፤ ሁለተኛው በተቃራኒ የተጠመጠመ፣ ማግኔቱም የተገለበጠ። የመብራቱ ጫጫታ ማግኔት ስለማይመለከተው በሁለቱ ኮይል ተቃራኒ ሆኖ ይመጣና እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ሁለቴ ስለተገለበጠ ቀጥ ብሎ ይደመራል። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። ሁለት ተቃራኒ ነገር ይዘህ ጫጫታውን አጥፍተህ ዜማውን ማትረፍ!

የቫዮሊኑ መዳኛ በመጨረሻ የመጣው ከሌላ በር ነው፤ የኔ ተማሪ በገባበት በር።

በ1880 ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ አንድ ነገር አገኙ። አንዳንድ ክሪስታሎችን ስትጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ፒየዞ ኤሌክትሪክ ይባላል። ማግኔት የለም፤ ኮይል የለም። መጫን ብቻ። ይህን ክሪስታል ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት ላይ ብታደርጉት ክሩ ብረት ይሁን፣ አንጀት ይሁን፣ ናይለን ይሁን ግድ አይሰጠውም፤ የሚሰማው የእንጨቱን መንቀጥቀጥ ነው። በዘፋኝ አሻንጉሊት ውስጥ ያለችው የነሐስ ሳህን ላይ የተለበጠው ነጭ ነገርም ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጥና ይዘፍናል፤ ሲያንቀጠቅጡት ደሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ልጁ ገልብጦ ነበር የተጠቀመባት።

በ1960ዎቹ ባርከስ-ቤሪ የሚባል ድርጅት ለቫዮሊን የሚሆን የፒየዞ ፒካፕ ይዞ መጣ። በ1970ዎቹ ፈረንሳዊው ዣን ሉክ ፖንቲ በኤሌክትሪክ ቫዮሊን ጃዝና ሮክን ቀላቅሎ አዳራሽ ይሞላ ነበር። የኮምፒውተር ሙዚቃ አባት የሚባለው የቤል ላቦራቶሪው ማክስ ማቲውስም ለራሱ ደስታ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበርና፣ የጠፋውን ሆድ በኤሌክትሪክ ለመመለስ ሞከረ። የቫዮሊን ሆድ ምን ያደርጋል? አንዳንዱን ድምፅ ያጎላል፣ አንዳንዱን ያደክማል። እሱ እነዚያን ጉብታዎች በኤሌክትሪክ ማጣሪያዎች እየደረደረ ሠራቸው። በ1997 ደሞ ያማሃ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ ቫዮሊን አወጣ፤ ጎረቤት ሳይረበሽ ሌሊት የሚለማመዱበት። አስቡት፤ ከስትሮ ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል ሰው ቫዮሊን እንዲጮህ ሲለፋ ኖሮ፣ በስተመጨረሻ ዝም እንዲል አደረገው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ባንዶች ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬን በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወቱ ዛሬም የምንኮራበትን ሙዚቃ ትተውልን አልፈዋል። ክራሩ ግን ለብዙ ጊዜ ማይክ ፊት ተደግኖ ቀረ። ሙላቱ አስታጥቄ ከ2007 እስከ 2008 አሜሪካ ሃርቫርድ በነበረበት ጊዜ የባህል መሣሪያዎቻችንን ማዘመን ላይ ሠርቷል፤ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲም ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ከባለሙያዎች ጋር ተባብሯል። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን ደሞ ኤሌክትሪክ ክራርን በዓለም መድረኮች ላይ አሰምቷል። ማለትም ኤሌክትሪክ ክራር የሕፃን ጨዋታ አይደለም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ ሰው የደከመበት ሐሳብ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «ተቀመጥ» የተባለው ሐሳብ።

ለሚሞክር ልጅ ደሞ ካነበብኩት ልንገረው። ክራርህ የብረት ክር ካለው የማግኔት ፒካፕ ይሰማዋል። ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ ፒየዞ ነው። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ስለሆነ ማግኔት በፍጹም አይሠራለትም፤ ፒየዞውን ክሩ ከሚረግጠው እንጨት ጋር አገናኘው። ፒየዞን ቀጥታ ቴፕ ላይ ብትሰካው ድምፁ ቀጭንና ቆርቆሮ ይሆናል፤ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ደካማ ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። መሃል ላይ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ትራንዚስተር ማጉያ ካስገባህ ይስተካከላል። ከጮኸብህ ከስፒከሩ ራቅ፤ የቆዳው ሆድ ነው ዙሪያውን የገጠመው።

ኤሌክትሪክ ሲገባበት ክራርነቱ ይጠፋል የሚል ወዳጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስጋቱ ባዶ አይደለም፤ ቫዮሊኑ ሆዱን ሲያጣ ያጣውን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ክራራችንም ቆዳውን ቢያጣ የሚያጣው ነገር አለ። ግን ቆዳውን ሳንነካ ከሥሩ አንዲት ሳህን መለጠፍ እንችላለን። ልጁ ያደረገው ይሄንን ነው። ክራሩን አልቀየረውም፤ እንዲሰማ ብቻ ነው የፈለገው።

ተማሪዎቼ፣ ብዙ ዓመት «ጥያቄ ያለው?» እያልኩ አስተምሬያችኋለሁ። ጥያቄ ይዞ የመጣውን ግን ቢያንስ አንዱን አሳፍሬዋለሁ። ምናልባት ከአንድም በላይ። ሱቁ ውስጥ ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀና «ኧረ ቲቸር፣ ምን ችግር አለው!» አለኝ። ችግር ግን አለው። ያኔ ብንሰካው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኔም እሱም አናውቅም። እዚህ በአደባባይ የምጽፈውም ያኔ በአደባባይ ስለነበር ነው፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው ፊት ያሳፈሩትን ልጅ ሱቅ ጥግ ላይ ብቻ ይቅርታ መጠየቅ ሚዛን አይደፋም። ስሙን አልጠራም፤ ያኔ እዚያ ክፍል የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የሳቃችሁትም እኔን ሰምታችሁ ነውና ጥፋቱ የኔ ነው።

ክራሯ እቤት አለች፤ ሳህኗ ግን ተነቅላለች ብሎኛል። የኢንዳክሽኑ ምዕራፍ ዘንድሮ ሲደርስ ይዟት ወደ ክፍል እንዲመጣ ለምኜው እሺ ብሏል። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ይሰካታል።

ከናንተ መሃል ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ሌላ ነገር ኤሌክትሪክ ለማድረግ የሞከረ ካለ ኮመንት ላይ ፎቶውን ያስቀምጥልን። ባይሠራም ችግር የለውም። አይሠራም ብዬ ግን ሳልሰማው አልፈርድም።

መልካም ሰንበት።